ስም የሌላቸው አርባ አንድ ፋይሎች

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ሀርሺን ከተማ የቀረጽኳቸውን የሠርግ ዘፈኖች ግጥም በጽሑፍ ለማስፈር ተቀመጥኩ። አምስተኛው ዘፈን ላይ ምስሉ ቆመ። ሃርድ ዲስኩ ድምፅ ማሰማት ጀመረ… ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ሲል ጠየቀኝ። አይደረግ አልኩ።

አርባ አንድ ቀረጻዎች ናቸው። ቢሻሮ ልጇን በዳረች ቀን ሴቶቹ በር ዘግተው፣ ሻሻቸውን አውልቀው የዘፈኑትና የጨፈሩት። ግጥም አውጪዋ ሀሊሞ ካሜራውን የፈቀደችልኝ በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወንድ እንዳያየው። በፈጣሪ ስም ማልኩላት።

ሌላ ቅጂ የለኝም። ቅጂው ባነሰ ቁጥር የሚያየው ዓይን ያንሳል ብዬ ነበር። ጥንቃቄ መስሎኝ…

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ገመዱን ቀየርኩ። ሌላ መሰኪያ ላይ ሞከርኩ። የጎረቤቴን ላፕቶፕ ተውሼ ሞከርኩ። ሰማያዊዋ መብራት ትበራለች፤ ዲስኩ ብቅ ይልና ሳልከፍተው ይጠፋል። ያነበብኩት መመሪያ ግልጽ ነው፦ በታመመ ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም፤ ለመጠገንም አይሞከርም፤ በቅድሚያ ያለው ሁሉ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይወጣል። አዲስ ዲስክ ገዛሁ፤ የማውጫውን ፕሮግራም አስነሳሁ። ሦስት በመቶ ላይ ደርሶ ደርቆ ቀረ።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

አማካሪዬ ዶክተር በዛብህ ቢሮ ሄድኩ።

«ጉሃድ ጋ ውሰጂው» አሉኝ። «የጠፋ ፋይል የሚያወጣ በዚህ ከተማ እሱ ብቻ ነው።»

«ወንድ ነው።»

ሳቁ። «ፀጋ፣ ቴክኒሻን እኮ ወንድ አይባልም። እንደ ሐኪም ቁጠሪው።»

መማሌን ነገርኳቸው። «ማን ይነግራቸዋል? ሀርሺን የተቀመጠች ሴትዮ ጅግጅጋ ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን በምን ታውቃለች?» ቀጥለውም ለጥናት ጉባኤው የአንድ ደቂቃ ምስል እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። «ጭፈራ ያለበትን ምረጪልኝ፤ ሰው እንዳይተኛ።»

ከዚህ መስመር ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱ አልለውም። ይህን ሲናገር ጥርሱን በወረቀት ማያያዣ ክሊፕ ይጎረጉር ነበር። ጎርጉሮ ሲያበቃ ክሊፑን በእኔ ረቂቅ ላይ አኖረው። የምርምር ሥነ ምግባርን ያስተማረኝ ሰው ነው!

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ወሰድኩት። ሌላ መንገድ አልነበረም… ነበር? አዲስ አበባ ብልከው እዚያም የሚከፍተው ወንድ ነው።

ጉሃድ ከጁምዓ ሰላት ተመልሶ ሱቁን እስኪከፍት በር ላይ ቆምኩ። ዲስኩን አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋ። «አባዮ፣ እህቴ፣ ውስጡ ያለው አንባቢው ደክሟል። አልሞተም። ብዙ ካነቃሽው ግን ይሞታል።» ሥራውን ያውቃል፤ ይህን መካድ አልችልም። የተበላሸውን ቦታ እየዘለለ ወደ ሱቁ ዲስክ ይገለብጠዋል። ሁለት ቀን ይፈጃል። የሴቶች ሠርግ መሆኑን ነግሬ እንዳይከፍተው አስማልኩት።

«ወላሂ አልከፍትም። ምን አገባኝ? የሰው ሠርግ ሳይ ልውል ነው?»

ኅዳር 12፣ እሑድ

አርባ አንዱም ወጥተዋል። ስማቸው ጠፍቷል፤ የቀረው ቁጥር ብቻ ነው።

ግን ምን ዋጋ አለው? የጉሃድ ትልቁ ስክሪን ዘፈን እያሳየ ገበያተኛ እንዲጠራ ወደ መንገድ ዞሮ የተሰቀለ ነው። አንዱን ፋይል እዚያ ላይ ከፈተው። የቢሻሮ ልጅ ናት… ሙሽራዋ፣ ፀጉሯን በትና፣ እየሳቀች። ፊት ለፊት ጫት የሚቅሙት ወንዶች ጉንጫቸውን እንደወጠሩ ብድግ አሉ። አንዱ አፏጨ። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ ሌላው፤ አረንጓዴ ምራቁን በከንፈሩ ጠርዝ እያዝረከረከ። ማውሱን ቀምቼ እስክዘጋው ስንት ሰከንድ ሆነ? አሥራ አምስት? ሃያ?

«ምን ሆንሽ? ድኗል እኮ!» አለኝ ጉሃድ። ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

ስመለስ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ባለጌዎች። ሁሉም።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

በሱቁ ዲስክ ላይ የቀረውን ላስጠፋ ሄድኩ። «ትናንትና አጠፋሁት» አለኝ። የጠፋ ነገር እንደማይጠፋ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሳየኝ የከረመ ሰው!

ዲስኩን ራሱን ፈትቶ እንዲሰጠኝ፣ በምትኩ አዲሱን ዲስኬን እንዲወስድ ነገርኩት።

«አንቺ ልጅ፣ የእናትሽንም ወተት ሳትመረምሪ አልጠጣሽም መሰለኝ።»

አልሳቅኩም። ብሎኑን ፈትቶ ሰጠኝ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዲስኮች አሉ፤ የታመመው የእኔና ጤነኛው የሱቁ።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ

በዛብህ ደወለ። «ዳነ አሉ! የአንድ ደቂቃዋስ ነገር?» ዳነ አሉ? እነማን ናቸው ያሉት?

እንደማልሰጠው ነገርኩት። «እንግዲያው ማስረጃ የሌለው ምዕራፍ አልቀበልም» ብሎ ዘጋው። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ምዕራፍ…

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

እሑድ የጻፍኩት ሙሉ አይደለም። ጉሃድ ከፈተው ብያለሁ። ያስከፈትኩት እኔ ነኝ።

እሱማ እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ «አልከፍትም ብዬ ምያለሁ፤ እንዲሁ ውሰጂው» ብሎኝ ነበር። «ቁጥር ብቻ ከሆኑ ባዶ ቢሆኑስ? አንዱን እንይ» አልኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩ። ስክሪኑ ወዴት እንደዞረ እያየሁ ነው ያልኩት። ሥራዬ መትረፉን ለማወቅ ቸኮልኩ። ሥራዬ! የቢሻሮ ልጅ ሠርግ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ያፏጨውን ሰውዬ፣ ጉሃድን፣ በዛብህን ስጸየፍ ሰነበትኩ። በዚህ ደብተር ላይ እንኳ፣ ማንም በማያነበው ደብተር ላይ፣ ዋሸሁ። ለማን ብዬ? ከሁሉም ይልቅ ይህን ተጸየፍኩት።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ሀርሺን። በጠዋቱ መኪና መጣሁ።

ሀሊሞን ለብቻዋ አግኝቼ ነገርኳት። ለጭብጨባና ለግጥም የለመደው ሶማሊኛዬ ዛሬ ተንተባተበ።

«ስንት ወንዶች?»

«አምስት። ስድስትም ሊሆኑ ይችላሉ።»

«ባለሱቁ ነው የከፈተው?»

«እኔ ክፈት ብዬው።»

«ባትነግሪኝ አልሰማም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሁለቱንም ዲስኮች እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ጤነኛው ላይ አርባ አንዱም እንዳሉ፣ ሌላ ቦታ የምይዘው እንደሌለ ነገርኳት። ምዕራፉ ቀርቷል።

«ነገ ቢሻሮ ትስማ» አለችኝ። «እኔ አልነግርልሽም። ከአንቺ አፍ ትስማው።»

ኅዳር 19፣ እሑድ

ስገባ ቢሻሮ ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። ብድግ ብላ ሳመችኝ። «ልጄ፣ ከስተሻል» አለችኝ። ሀሊሞ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ለቢሻሮ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ያፏጨውንም፣ «የማን ናት» ያለውንም፣ «አንዱን እንይ» ያልኩትንም።

አልጮኸችም። አልረገመችኝም። ስጨርስ ሻሿን ከትከሻዋ አንስታ ቀስ ብላ አሰረችው፤ ግንባሯ ላይ የወረደችውን ፀጉር ሳይቀር በጣቷ ወደ ውስጥ አስገባች። ቤት ውስጥ የነበርነው ሴቶች ብቻ ነን።

ከዚያ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ከዚህ በፊት ሰጥታኝ በማታውቀው የእንግዳ ስኒ።