የሙሚና ረድፍ ብቻ አረንጓዴ

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬም ቆጠርኩ። ከመቶ ሃያው ኩባያ የበርበሬ ችግኝ ሰማንያ ያህሉ ቢጫ። ትናንት ያንስ ነበር፤ ወይ ትናንት ማመን አቅቶኝ ነው። ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ከበቀሉ ስድስት ሳምንት። ቁመታቸው ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም።

ቅጠሉን እየገለበጥኩ አየሁ። ተባይ የለም። ድር የለም። ኩባያ የምንላቸው የተቆረጡ የውሃ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ሁሉም ከሥር ተበስተዋል። ፀሐይ እስከ ሰባት ሰዓት ያገኛሉ። ማታ ላስቲክ እናለብሳቸዋለን። ታዲያ ምን ሆኑ?

ደብተሬ፣ ለሰው ያላልኩትን ላንተ ልንገርህ፦ ፈርቻለሁ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለስምንት ሴቶች ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ። የብሎኩ ኮሚቴ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነበር። ግንቦት 9 መጥተው ያያሉ። የሚተከል ነገር ካላገኙ ለመኪና ይሆናል። ሴቶቹ የተከተሉኝ «ቲቸር ታውቃለች» ብለው ነው። አስተምሬ አላውቅም። ጡረታ የወጣሁት ከት/ቤት ላብራቶሪ ዕቃ ክፍል ነው፤ ብልቃጥ ሳጥብ፣ ዕቃ ሳስረክብ። «ቲቸር» ሲሉኝ ግን አላረምኳቸውም። ደስ ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ሳሊተ ምሕረት ሄድኩ፣ ዘርና መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ። ሁለት ታክሲ። አንድ ችግኝ በፌስታል ይዤለት። ሻጩ አገላብጦ አየና ውሃ በዝቶበት ይሆናል፣ ሥሩ ታፍኖ ነው አለ። ማን ነው የሚያጠጣው ብሎ ጠየቀኝ።

የምታጠጣው ሙሚና ናት። ሦስተኛ ፎቅ፣ የወሎ ልጅ፤ አባቷ በርበሬ አምራች ነበሩ። ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ስለምትነሳ የጠዋቱን ውሃ እሷ ያዘች፤ የቧንቧው ውሃ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። የጠየቃት የለም፣ ራሷ ነች ያለችው።

ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያም ገዛሁ። በታክሲ ስመለስ ስለ ሙሚና ብቻ ሳስብ ነበር።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። ረጥቧል እንጂ አልጨቀየም። አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁ። ነጭ። የበሰበሰ ሥር ቡኒ ይሆናል፣ ይሸታል። ይሄ አይሸትም። እንግዲያው ውሃ አይደለም።

ቀና ስል ግን ሌላ ነገር አየሁ። በግንቡ በኩል፣ የመጨረሻው ረድፍ፣ አሥራ ሁለት ኩባያ። አረንጓዴ! ቁመታቸው የሌላው እጥፍ። ያ ረድፍ፣ ኩባያዎቹን አፈር ስንሞላ፣ በመጨረሻው ቀን ሙሚና ብቻዋን የሞላችው ነው።

ያው ዘር። ያው ፀሐይ። ያው ውሃ። ለራሷ ረድፍ ምን እያደረገችላቸው ነው?

ሚያዝያ 18፣ እሑድ፣ ምሽት 12፡00

ተናገርኩ። ባልናገር ይሻል ነበር? አላውቅም።

ስብሰባ ነበር፣ ደረጃው ሥር። ሰብሳቢያችን እትዬ ለተብርሃን ችግኙ ምን ነካው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«ሙሚናን ጠይቋት» አልኩ። «የራሷ ረድፍ ብቻ ለምን አማረ?»

ሙሚና መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ምን ማለትሽ ነው፣ ቲቸር?»

«የራስሽን ትንከባከቢያለሽ፣ የሌላውን ታንጠባጥቢለታለሽ ማለቴ ነው።»

«እኔ የራሴ የምለው ረድፍ የለኝም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሲደርስ ለስምንት የምንካፈለው አይደለም እንዴ?»

ሙሚና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ላይ ወጣች። እትዬ ለተብርሃን ወደኔ ጠጋ ብለው ጥሩ አደረግሽ አሉኝ፣ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር አሉ። አልጠረጠሩም። እኔን አምነው ነው።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሙሚና ከዚያ ወዲህ ወደ ችግኞቹ አልመጣችም። እኔ አጠጣለሁ፣ እያንዳንዱን ኩባያ፣ በስስት። ዩሪያውን በውሃ በጥብጬ ለአንድ ረድፍ ሰጠሁ። አብዝቼው ይሆናል። የአራቱ ችግኝ ቅጠል ጫፉ ተቃጠለ።

ቢጫው እንዳለ ነው። የሚያጠጣው ሰው ተቀይሮ ቢጫው ለምን አልተቀየረም?

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ፣ 4፡00

ደብተሬ፣ አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት!

ከኔ ረድፍ አንድ፣ ከሙሚና ረድፍ አንድ፣ ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩ። የሙሚናው አፈር ጥቁር፣ ሲጨብጡት የሚፈረፈር። የኔው ግማሹ ሰጋቱራ። ገና ነጭ፣ እንጨት እንጨት የሚሸት።

ሰጋቱራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ታች ካለው እንጨት ቤት፣ ሁለት ጆንያ፤ ባለቤቴ ታደሰ ተሸክሞልኝ። አፈር ያቀላል ሲባል በቪዲዮ አይቼ። ትኩስ ሰጋቱራ ሲበሰብስ አፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ራሱ እንደሚበላው፣ ለችግኙ እንደማይተርፍ፣ ይሄንን እኮ ላብራቶሪ ውስጥ ስንቴ ሰምቻለሁ።

የባሰው ደግሞ አፈር የቀላቀልን ዕለት ሙሚና ጨብጣ አሽትታው ነበር። ይሄ አልበሰበሰም፣ ይቅርብን ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «በሳይንስ ነው የምሠራው» ያልኳት። በሳይንስ! ድብልቁ ሲያልቅ ለመጨረሻው ረድፍ ግቢው ጥግ ካለው አሮጌ የፍግ ክምር ሥር አፈር ዝቃ ሞላች። ለብቻዋ ብላ አይደለም። አልቆብን ነው።

አሥር ኩባያ መረጥኩ። ሥራቸውን በውሃ አጠብኩና በዚያ አሮጌ አፈር መልሼ ተከልኳቸው። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ደበቅኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም። ተሳስቼ ቢሆንስ? እውነቱን ልንገርህ፦ ተሳስቼ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

እትዬ ለተብርሃን አስጠሩኝ። ችግኙን ደፍተን ጎመን እንትከል አሉ፣ ቢያንስ ኮሚቴው አረንጓዴ ያያል። ደግሞ የሙሚናን ድርሻ ሌላ ሴት እየጠየቀቻቸው ነው። ምን ትያለሽ አሉኝ።

እስከ ዓርብ ይታገሱኝ አልኩ። ይሄን ብቻ። የሰጋቱራው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ለታደሰ ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈ። ብዙ አያወራም፤ ሰላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ነው፣ መንገዱን እያየ ማውራት ለምዷል። ኋላ ላይ፣ «ለሙሚናስ መቼ ነው የምትነግሪያት?» አለኝ።

ተናደድኩበት። እራት አላቀረብኩም። ራሱ አቅርቦ በላ፣ ለኔም አስተረፈልኝ።

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ፣ ጠዋት 12፡45

ከታንከሩ ጀርባ። አሥሩም ቆመዋል። ታችኛው ቅጠል ቢጫ እንደሆነ ነው፣ እሱስ አይመለስም። ግን አናቱ! ስምንቱ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፣ ለምለም።

ተቀምጬ አለቀስኩ። በደስታ ነው እንዳልል፣ አይደለም።

ማንም ሳያየኝ ሁሉንም ማዛወር እችላለሁ። በሁለት ጠዋት ያልቃል። «ቲቸር አዳነቻቸው» ይላሉ። ሙሚና ደግሞ ያጠፋችው ሆና ትቀራለች። ይሄን ሐሳብ አሰብኩት፣ ደብተሬ። ከሩብ ሰዓት በላይ አሰብኩት። እዚህ የምጽፈው እንዳልረሳው ነው።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ፣ 9፡00

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሯን ሁለቴ አንኳኳሁ። ከፈተች፤ ግቢ አላለችኝም። ከኋላዋ ልጅዋ የቤት ሥራ ጮክ ብላ ታነባለች።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ሰጋቱራውን፣ ጋዜጣውን፣ የደበቅኳቸውን አሥሩን። መቼ እንዳወቅኩም።

«ዓርብ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«የትናንቱ አይደለም፣ ያለፈው ሳምንት ዓርብ።»

«ስምንት ቀን።»

«አዎ።»

«ስምንት ቀን ሙሉ በዚህ ደረጃ ስወርድ ሴቶቹ ሰላም አይሉኝም ነበር» አለች። «ሱቅ ስሄድ ጎረቤት ፊቷን ታዞርብኛለች። አንቺ እያወቅሽ።»

«ይቅር በይኝ፣ ሙሚና።»

«እኔን ብቻ አይደለም። እዚያው ደረጃው ሥር፣ ሁሉም ባለበት ትናገሪዋለሽ።»

«እናገራለሁ።»

«ዛሬ።»

ዛሬ 8፡00 ላይ ተናገርኩ። አስተማሪ እንዳልነበርኩም ጭምር። እትዬ ለተብርሃን መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ተነስተው ሙሚና ጋ ሄዱና እጇን ያዙ፣ እኔም በድዬሻለሁ፣ ሳልጠይቅ አምኜ አሉ። ወደኔ አልዞሩም።

ግንቦት 2፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስናዛውር ዋልን። ስምንታችንም። ሙሚና አዘዘች። እኔ ሥር አጠብኩ፤ ጣቶቼ ተሸበሸቡ። አንዴ፣ «ሂሩት፣ ቀስ፣ ሥሩን እየበጠስሽው ነው» አለችኝ። በስሜ ጠራችኝ። ሃያ አንድ ችግኝ ሞቷል።

ግንቦት 9፣ እሑድ፣ 10፡30

መጡ። ሦስት ወንዶች፣ አንዱ ሜትር ይዟል። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከታች ቢጫ፣ ከላይ አረንጓዴ። ይሄ ቢጫ ምንድን ነው፣ መሬቱ አይሆንም ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ።

ማንም ሳይቀድመኝ መሬቱ ደህና ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያስተካከለችው እሷ ናት አልኩና ሙሚናን አሳየሁት። እሷ ስለ ክረምቱ፣ ስለ መደቡ አስረዳችው። ረጋ ብላ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ፈቀዱ። ሁሉንም ግን አይደለም። በመግቢያው በኩል ለመኪና ቆረጡ። ለስምንታችን የታሰበው ስምንት መደብ ስድስት ሆነ። ሁለት ሴቶች ይወጣሉ ማለት ነው። አንዷ ወደ ቦሌ ቡልቡላ ልትዛወር ስለሆነ ተወችው። ሌላዋን በዕጣ ነገ እንለይ ተባለ። ሴቶቹ ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሙሚና ቤቷ ገባች፤ ዕጣ አልወድም እያለች።

ዕጣ አይወጣም። ስሜን ከዝርዝሩ አስወጣለሁ። ወስኛለሁ፣ ለታደሰም ነግሬዋለሁ፤ ሻይ አፈላልኝ። እትዬ ለተብርሃን ጋ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ፣ ሙሚና ሳትሰማ። ከሰማች ትከራከረኛለች። ወይም አትከራከረኝም። ሁለቱንም እፈራለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ልጨርሰው።