ለአባየ የተሸከሙት ድንጋይ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት

ለምወድሽ እናቴ፣

እማየ፣ እንደምን ከርመሻል? የጉና ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? የላክሁልሽን ጋቢ ለብሰሽዋል ወይስ እንደ ልማድሽ «ለክት ይሁን» ብለሽ ሳጥን ውስጥ ከተትሽው? ከትተሽው ከሆነ ዛሬውኑ አውጭው፤ ብልን ለማሞቅ አይደለም የገዛሁት። ያ ቀንደ ሰባራ ሙክትስ ከፋሲካ ቢላዋ ካመለጠ ወዲህ አሁንም የድንቹ ማሳ እየገባ ያስቸግርሻል?

እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም ደህና የምልሽ። ጸጉር ቤቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው አያጣም፤ እንቅልፌም ተመልሷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀርባየን ለግድግዳ ሰጥቼ እንደምተኛ ታውቂያለሽ። አሁን አልጋው መሐል እንደ ልቤ እገላበጣለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ስናወራ ድምፁን ለቤት ሙሉ ትለቂዋለሽ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ ሰላም ይለኛል። ይህን ግን አንቺ ብቻ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ለዛሬ ይሁንሽ፤ እኔም አግዝፌ ጽፌልሻለሁ። ይዛልሽ የመጣችው ሰላማዊት የማኅበሬ ሴት ናት። አንብበሽ እስክትጨርሽ ውጭ ትቆይሻለች፤ አትቸኩይ።

ነገሬ ስለ ወንድምሽ ስለ ይሻው ነው። አንቱታውን ከአፌ አውጥቼ ጥያለሁና አትቆጭኝ። በዘጠኝ ዓመቴ ያደረገኝን ታውቂያለሽ፤ መልሼ አልጽፈውም። የማታውቂው ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት በእኔ ላይ የሆነውን ነው።

አያ ቢያድግልኝ ሽማግሌዎቹን መርተው ገቡ። ይሻው ከኋላቸው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣና አባየ እግር ሥር ተደፋ። አባየ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብዙ ተለምነው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ድንጋዩ ወረደ። ሥጋ ነው፣ የቤት ገመና ነው፣ ከዚህ እንዳይወጣ ተባለ። ከዚያ ምሳ ቀረበና አስታጥቢ አላችሁኝ። ከአያ ቢያድግልኝ ጀምሬ በተራ ውኃ አፈሰስሁ። የይሻውንም እጅ አስታጠብሁ።

የተበደልሁት እኔ፣ ድንጋይ የተሸከመው ለአባየ። ይቅር ያሉትም አባየ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እርቅ ከወረደ በኋላ የምናደድ ኃጢአተኛ እኔ ነኝ ብየ ስንት ዓመት ራሴን ስከስ ኖርሁ።

ይህን ከሆዴ ያወጣልኝ የማርያም ማኅበራችን ነው። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩትን እትየ ሙሉሐብትን ታውቂያቸዋለሽ። አምና ጽዋው ወደ ቤታቸው የሚሄድበት ተራ ሲደርስ አልቀበልም አሉ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀበልምና ከማን ተጣልተው ይሆን ብለን ተያየን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ በስምንት ዓመታቸው ተድረው የደረሰባቸውን ነገሩን። የተጣሉትም ከዚያች ልጅ ጋር ኖሯል። «ለምን አልሮጥሽም እያልሁ ስረግማት ኖርሁ፤ ዛሬ ልታረቃት ነው» አሉ። አብረውን የነበሩት ቄስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እትየ ሙሉሐብት ያን ቀን ጽዋውን ይዘው ሲወጡ እንደ ኮረዳ ነበር የተራመዱት።

ከዚያ ወዲህ ጽዋው ከመዞሩ በፊት የልብ ያላት ትናገራለች። ሕጋችን አጭር ነው። «ተይው፣ እርሽው» የሚል የለም፤ «ለምን አልጮህሽም» የሚልም የለም። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኟ ተጠግተው ይቀመጣሉ። ካለቀሰችም አናባብላትም፤ እስክትጨርስ እንጠብቃታለን። እኔ ግን ብዙ ወር አንድ ቃል አልወጣኝም። በጸጉር ቤት በአፍ የሚቀድመኝ የሌለኝ ሴትዮ፣ እዚያ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል! አንቺ «ዝም አይነቅዝም» ትይን ነበር። ይነቅዛል እማየ። የእኔ ውስጡን በልቶት ነበር።

መጨረሻ ላይ ተናገርሁ። ስለ ድንጋዩም፣ ስለ እጅ ማስታጠቡም ተናገርሁ። ስጨርስ እትየ ሙሉሐብት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ይቅር ያለው ማን ነው አሉኝ። አባየ ናቸው አልኋቸው። «እንግዲያማ አንቺ ገና አልተጠየቅሽም» አሉኝ። ቄሱም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በሌላ ሰው አፍ ይቅርታ እንደማይሰጥ ተናገሩ። እማየ፣ ያን ቀን ከላየ ላይ የወረደውን ሸክም በምን ልንገርሽ! ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ብቻየን እስቅ ነበር።

ከዚያ እትየ ሙሉሐብት ሦስት ሴቶች አስከትለው አያ ቢያድግልኝ ደጅ ሄዱ። እንደ ሽማግሌ ወጉ፣ ነገራችን ሳይሰማ እህል ውኃ አንቀምስም ብለው ተቀመጡ። አያ ቢያድግልኝ መጀመሪያ ተቆጡ አሉ፤ ሴት ሽምግልና መጣች፣ ምን ጉድ ነው አሉ። ሴቶቹ አልተነሡም። የእጅ ማስታጠቡን ሲነግሯቸው ግን ሽማግሌው እጅጌያቸውን ተመለከቱ። ያን ቀን ውኃው እጅጌያቸውን እንዳራሰው፣ «ቀልብ የላትም እንዴ» ብለው እንደተቆጡኝ ተናገሩ። «እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርድ መሰለኝ» አሉ። ይህንን አብራቸው የሄደችው ሰላማዊት ስትነግረኝ እኔም አለቀስሁ። ለካ አንድ ሰው አይቶኝ ነበር፤ ያየውን ነው ያላወቀው።

አሁን አያ ቢያድግልኝም እሺ ብለው ቀኑ ተቆርጧል። በሰኔ ማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከዚያ ቀን ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሁሉ በደጀ ሰላሙ ፊቴ ድንጋይ ተሸክመው ይቆማሉ። በሕዝብ ፊትም፣ ከእንግዲህ በሕፃን ላይ የተሠራ በደል ለዛፍ ጥላ እርቅ እንዳይቀርብ፣ ቀጥታ ወደ ሕግ እንዲሄድ ይምላሉ። የይሻውን ነገር ለፖሊስ አመልክቻለሁ፤ የሕጉ በሕግ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹን አውርዱ እላቸዋለሁ፤ ቆርጫለሁ። እሱን ይቅር እለው እንደሆን ግን አላውቅም፤ የሚያስቸኩለኝም የለም።

እማየ፣ የምትናገር ሴት ግራና ቀኟ ሰው ይቀመጣል ብየሻለሁ። በቀኜ እትየ ሙሉሐብት አሉ። ግራየን ማንም እንዳይቀመጥበት ብያለሁ፤ ያ ቦታ ያንቺ ነው። ከወንድምሽ ጋር አጥር ለአጥር እንደምትኖሩ፣ አገር ምን እንደሚል አውቃለሁ። ብትቀሪም እናቴ ነሽ። ግን ብትቀሪ ግራየ ይበርደኛል፤ አልዋሽሽም። ከዚያ መመለስ ካስፈራሽ እኔ ዘንድ ክፍል አዘጋጅቻለሁ፤ እፀገነትንም ይዘሻት ነይ፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ወንድሜ ሀብታሙም ልጄን ውሰጃት ብሎኛል።

ስለ እፀገነት ካነሣሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለፋሲካ የመጣሁ ዕለት ቀሚሷን ልቀይርላት ብየ መቀነቷን ልፈታ ብታገል እምቢ አለኝ። ቋጠሮዋን አወቅኋት። ሁለት ዙር ዞራ ወደ ኋላ የምትታሰር፣ በአንድ እጅ የማትፈታ። ለእኔም ይሻው ቤታችን በመጣ ቁጥር ታስሪልኝ ነበር፤ ገና ጥርሴን ሳልነቅል፣ ገና ምንም ሳይነካኝ። የማኅበሩን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ እንደዚያ የምታስር እናት ያየች የለችም። እናትሽም እንዳላስተማሩሽ አክስቴ ነግራኛለች።

ከማን ተማርሽው፣ መጀመሪያስ በማን ወገብ ላይ አሰርሽው ብየ አልጠይቅሽም። የቻልሽውን ያህል አስረሽልኛል፤ ይህን እንድታውቂልኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ትናንት አያ ቢያድግልኝ ሰው ልከው ለሰኔ ማርያም ስንት ድንጋይ ይዘጋጅ ብለው አስጠየቁኝ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አልሁ። መልእክተኛው ግራ ገብቶት፣ የተበደልሽው አንቺ አንድ ሰው፣ ሁለተኛው ለማን ነው አለኝ። ከግራየ ለምትቀመጠው ነው አልሁት።

እመቤቴ ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። እፀገነትን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። እኔም ጉልበትሽን ስሜ ምርቃትሽን እጠብቃለሁ። ለሰላማዊት መልስ መጻፍ የለብሽም፤ እመጣለሁ ወይም አልመጣም በያት፤ ይበቃኛል።

ስትመጭ ጋቢውን ልበሽው። የደጀ ሰላሙ መቀመጫ ይቀዘቅዛል።

ያሰርሽላት ልጅሽ