«አለሁ» ያልኩላት ልጅ

ይድረስ ለልጄ። የረገጥከው ይለምልም፣ ያንኳኳኸው ደጅ ይከፈትልህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

የድሮ ትምህርት ቤቴን ማፍረስ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትማር የወንበር ጓደኛዬ ድንገት ቀረች። ወላጆቿ ዘንድ የሄደች መስሎኝ፣ በቀሪ ብዛት እንዳትባረር፣ ስሟ ሲጠራ ድምፄን አቅጥኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ «አለሁ» አልኩላት። ለካ ታማ ተኝታ ኖሯል፤ የሚፈልጋት ሳይኖር ሞተች። ስሟ ከመዝገብ ከተሰረዘ በኋላም፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተራዋ ሲደርስ ከንፈሬ ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር።

እህትህ በደወለች ቁጥር «እሱ ደህና ነው» ትለኛለች። እኔንም መምህራችን አምኖኝ ነበር።

ክፉ አይንካህ። አንድ ቀን ደውለህ፣ በራስህ ድምፅ «አለሁ» በለኝ።

እናትህ