ሱሪዎቹን ስድስት በመቶ ላጠበቡልን ክቡር ኃላፊ

ለኢንተርኔት ገበያው የሻጮች ደኅንነት ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ገበያውን ለቅቄ ወደ ራሴ ድረ ገጽ መግባቴን ስለማሳወቅ፣ እንዲሁም ስለ ጠበቡት ሱሪዎች ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ቀበቶዎ ሳይጠብቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ከፊትዎ ያለው ስክሪን አንድም ቀን «ጥያቄዎ እየታየ ነው፣ እባክዎ ይጠብቁ» ሳይልዎት ረጅም ዘመን እንዲኖሩ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። የገበያውን ስም በዚህ ደብዳቤ ያልጠራሁት በንቀት አይደለም፤ የደንባችሁ አንቀጽ አሥራ አራት ማንኛውም ሻጭ ስማችሁን ፈገግ ከምትለዋ ዘንቢላችሁ ምስል ጋር ካልሆነ በቀር በአደባባይ እንዳያነሣ ስለሚከለክል ነው። ዘንቢል መሣል ደግሞ እኔ አልችልም፤ እጄ የለመደው ልብስ ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ በገበያችሁ የልብስ ንድፍ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሸቀጤ በእጅ አይያዝም። የሱሪውን፣ የሸሚዙን፣ የሽርጡን ቅርጽ በልኩ ኮምፒውተር ላይ እሥላለሁ፤ ገዢው ፋይሉን አውርዶ በተራ ወረቀት ያትመዋል፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር ያያይዛቸዋል፣ ከዚያ ጨርቁ ላይ ዘርግቶ ይቆርጣል። በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ እያንዳንዱ ጎኗ አሥር ሴንቲሜትር የሆነ አንዲት ካሬ አለች። ገዢው እሷን በሜትር ለክቶ አሥር ከሞላችለት፣ የቀረውም ልክ ነው ማለት ነው። እንጀራዬ ያለው በዚያች ካሬ ውስጥ ነው።

አሁን የራሴን ድረ ገጽ ከፍቻለሁና፣ ሳትሰናበት ወጣች እንዳልባል፣ የዋላችሁልኝን ውለታ በቁጥር በቁጥር አመስግኜ ልውጣ። ስለ ኮሚሽኑ አላነሣም፤ እሱን የሚያነሣ ሻጭ ሞልቶላችኋል።

አንደኛ፣ ስለ ክብደት። አዲስ ንድፍ ባስገባሁ ቁጥር የዕቃው ክብደት ስንት እንደሆነ ትጠይቁኝ ነበር። ፋይል ክብደት የለውም ብዬ ዜሮ ብሞላ ቅጹ በቀይ ቀለም ተቆጣኝ። አቤት ብል «ወዳጅዎ» መልስ ሰጠኝ። ወዳጅዎ ማለት ከእናንተ ዘንድ ለሻጮች የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ግርጌው ላይ የሚፈረምበት ስም ነው፤ ሰው ይሁን ማሽን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እሱም «ዕቃዎን በታመነ ሚዛን ይመዝኑ» የሚል ምክር ላከልኝ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ በጡረታ የተሰናበቱ የሒሳብ መምህርት ናቸውና ነገሩን በዋዛ አላዩትም፤ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ፋይሉ እያለበት፣ አንድ ጊዜ ፋይሉ ጠፍቶለት የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው መዘኑት። ልዩነት አልተገኘም። ለማንኛውም ብለን አንድ ግራም ብንጽፍ ተቀበላችሁን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኞቼ «ዕቃዎ በመንገድ ላይ ነው» እያላችሁ ስታበሥሩልኝ ኖራችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ተመላሽ ዕቃ። አንዲት ደንበኛ የሽርጥ ንድፍ ገዝታ ሐሳቧን ቀየረችና መለሰችው። ፋይል እንዴት እንደሚመለስ ለሰሚው ግራ ቢሆንም እኔ ቅር አላለኝም። እናንተ ግን የተመለሰው ዕቃ ጉዳት እንዳልደረሰበት የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሦስት ቀን ውስጥ እንድልክ አዘዛችሁ። አማቴ ጠረጴዛውን ወልውለው ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉበት፤ እኔም ባዶውን ጠረጴዛ በመስኮቱ ብርሃን አንሥቼ ላክሁ። ወዳጅዎ በማግስቱ «በፎቶው ላይ ዕቃው በግልጽ አይታይም፣ እባክዎ ቀረብ ብለው ያንሡ» አለኝ። ቀረብ ብዬ አነሣሁ። ያኔ «ዕቃው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ተብሎ ጸደቀልኝ፤ ያያችሁት ጨርቁን ይሁን ጠረጴዛውን አልጠየቅሁም።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ደልደል ብለው እንዲቀመጡ እለምናለሁ፣ የለበሱት ሱሪ የሚፈቅድልዎት ከሆነ። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ «የገጽ ማስዋቢያ» የተባለ አገልግሎት ሳንለምናችሁ ሰጣችሁን። በእያንዳንዱ ሻጭ ፋይል፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፈገግ የምትለዋ ዘንቢል እንድትቀመጥ ሆነ፤ ገጹ ግን ድሮም ሙሉ ነበርና፣ ለዘንቢሏ ቦታ ለመልቀቅ ከላይ ያለው ሁሉ ስድስት በመቶ እንዲያንስ ተደረገ። ግጥም ለሚሸጥ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ስድስት በመቶ ያነሰ ግጥም አንባቢውን አያፍነውም። ሱሪ ግን ያፍናል። መቶ ሴንቲሜትር የነበረው ዳሌ ወረቀቱ ላይ ዘጠና አራት ሆነ፤ ባለ ዳሌው ግን እንደ ነበረ ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸውን አላውቅም፤ እናንተ የነገራችሁኝ «ደንበኛ 40771» ብላችሁ ብቻ ነው። በራሳቸው ፎቶ ፋንታ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ መነጽር ምስል ስላስገቡ፣ እኔና አማቴ ባለ መነጽሩ እንላቸዋለን። ወደ ገበያው ከገባሁ ጀምሮ ከኔ ሲገዙ ኖረዋል፤ ሲጽፉልኝ «ልጄ» እያሉ ነው፤ አንድ ጊዜ የኪስ አቀማመጥ አርመውኝ እስከ ዛሬ እሳቸው እንዳሉኝ ነው የምሥለው። እኚህ ሰው ለአንድ አዲስ ሆቴል የአሥራ አራት አስተናጋጆች ሱሪ ታዘዙና፣ ከማስዋቢያችሁ በኋላ ንድፍ ገዙ። ካሬዋን አልለኩም። ስንት ዓመት በለኳት ቁጥር አሥር የሞላች ካሬ ናት፣ ሰው ደግሞ ያመነውን ሲለካ አይኖርም። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለውን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ጨርቁንም አሥር ጊዜ ለክተው ነው የቆረጡት፤ የለኩበት ወረቀት ግን ቀድሞ በዘንቢል ተበልቶ ነበር።

አስተናጋጆቹ ሱሪው ውስጥ በትግል ገቡ። በመክፈቻው ቀን በአንድ ረድፍ ቆመው፣ የክብር እንግዳው ሲገቡ አሥራ አራቱም በአንድነት ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ባለ መነጽሩ ሥራቸውን ሊያዩ ተጋብዘው ከጥግ ቆመው ነበርና፣ የሰሙትን ድምፅ ሲጽፉልኝ «ልጄ፣ ጭብጨባ መስሎኝ ነበር» ብለውኛል። ሱሪ ባንገት አውልቁ ሲባል እኔ የማውቀው በአባባል ብቻ ነው፤ ያን ዕለት አሥራ አራት ሰው ባንገትም በወገብም አልወጣ ያለ ሱሪ ለብሶ፣ ትሪ ከኋላው ይዞ፣ ግድግዳ እየታከከ ሲያስተናግድ ዋለ። ለእናንተ ባመለክት ወዳጅዎ «ፋይሉን መርምረነዋል፣ በትክክል ይከፈታል» አለኝ። መከፈቱንስ ሱሪዎቹም በትክክል ተከፍተዋል፣ ምስክርም አላቸው።

ባለ መነጽሩ ግን እኔን አልወቀሱም። በሱቄ ገጽ ላይ አምስት ኮከብ ሰጥተው ይህን ጻፉ፦ «ንድፉ እንደ ሁልጊዜው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። አርባ ዓመት ሰፍቼ አሥራ አራት ሰው አሳፈርኩ። ዓይኔ ከድቶኛል መሰለኝ። በወሩ መጨረሻ የስፌት መኪናዬን ለጎረቤት ሰጥቼ ዐርፋለሁ።» እናንተም ከጽሑፉ ኮከቦቹን ብቻ ቆጥራችሁ፣ «ደስተኛ ደንበኛ» የሚል ሪባን አሥራችሁበት ከሱቄ አናት ላይ ሰቀላችሁት፤ ከጎኑም የመነጽር ማስታወቂያ ለጠፋችሁበት። ያን ያነበብኩ ቀን አልቅሻለሁ። ይህን በምስጋና ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት ስላልገባኝ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

አራተኛ። ይህ ቅሬታ የገበያውን ደንብ ስለሚጥስ ተወግዷል። ወዳጅዎ።

አምስተኛ፣ ስለ ጠፉት መልእክቶቼ። የዘንቢሏን ሥራ የደረሱበት አማቴ ናቸው፤ ገጹን አትመው፣ ካሬዋን ለክተው፣ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ «9.4» ብለው አረሙልኝ። ወዲያው ለባለ መነጽሩ «አባባ፣ ካሬዋን ይለኩ፣ 10 መሆን ሲገባት 9.4 ናት» ብዬ ላክሁ። ወዳጅዎ ቁጥሮቹ ስልክ ቁጥር ይመስላሉ ብሎ አጠፋው። ሻጭና ገዢ ከገበያው ውጭ እንዳይገናኙ መከልከሉን አውቃለሁና፣ ቁጥሩን በፊደል አድርጌ ደገምኩት። እሱንም «ደንበኛን ከገበያው ውጭ ላለ ተግባር ማነሣሣት» ብሎ አጠፋው፤ ሜትር የሚዘረጋው ከገበያችሁ ውጭ ነውና በዚህ እንኳ እውነቱን ነው። በሦስተኛው ካሬዋንም ሴንቲሜትሩንም ትቼ «አባባ፣ ዓይንዎ ጤነኛ ነው» ብቻ ብል፣ ያልተረጋገጠ የሕክምና ምክር በመስጠት ጥፋተኛ ሆኜ ሠላሳ ቀን ከመጻፍ ታገድኩ። ወሩ ሊያልቅ ያኔ የቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። እንግዲያው እናንተው ንገሩልኝ ብዬ ብለምን፣ ደንበኞች የገበያው እንጂ የሻጭ አይደሉም የሚል መልስ ደረሰኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የኔ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር፤ ሳስበው ለካ እንግዳ የምቀበለው በሰው ቤት ኖሯል።

ስድስተኛም ሰባተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ቀኑ እየሄደ ስለሆነ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው።

ታግጄ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቤት መቀየር ጀመርኩ። መቶ አሥራ ሁለት ንድፍ አንድ በአንድ ከናንተ አውጥቼ፣ ዘንቢሏን ፍቄ፣ ልኩን መልሼ ወደ ራሴ ድረ ገጽ አስገባሁ። እያንዳንዱ ታትሞ አማቴ ፊት ይቀርባል፤ እሳቸው በሜትር ለክተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ድጋሚ ለክተው፣ አሥር ከሞላ ብቻ «አልፏል» ብለው ይፈርሙበታል። አንዲት የልጆች ካፖርት በአንድ ሚሊሜትር ወድቃ ሦስት ጊዜ ተፈትናለች። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ሳሎኑ በወረቀት ተነጥፎ መርገጫ አጥቶ፣ ራቱን በሩ ላይ ቆሞ የበላበት ቀን አለ። በአሥራ ሦስት ቀን ጨረስን።

ድረ ገጹ ተከፍቶ በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስት ጎብኚ ቆጠረልኝ። በደስታ ለቤተሰቡ ሳወራ፣ አርባ ሁለቱ አማቴ መሆናቸው ታወቀ፤ ማን እንደገባ ለማየት በየደቂቃው በስልካቸው ሲገቡ ውለዋል። አርባ ሦስተኛው ከእናንተ ዘንድ የመጣ ሲሆን፣ ሱቄን የት እንዳደረስኩት ጠይቆ፣ «ወዳጅዎ» ብሎ ፈርሞ ወጥቷል። መምጣቱን አልጠላሁም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ቤቴ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ ይኸው የመጀመሪያው ነው። ባለ መነጽሩ ግን አልመጡም። እንዴትስ ይምጡ፣ የት እንዳለሁ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በወረቀት አትሜ፣ ከአማቴ ጋር ተከፋፍለን፣ በየልብስ ሰፊው ደጃፍ፣ በየክርና ቁልፍ መሸጫው በር፣ ጨርቅ በሚሸጥበት መንገድ ሁሉ እየለጠፍን እንገኛለን። የራሴን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ደንባችሁ ስለ ጀርባ የሚለው ነገር የለም። ደብዳቤውን ለክቡርነትዎ ማድረጌም ከልብ ነው፤ ለአንድ ልብስ ሰፊ የተጻፈ ማስታወቂያ ዝናብ ይመታዋል እንጂ ማንም አያነበውም፤ ለባለሥልጣን የተጻፈ ወቀሳ ሲሆን ግን መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያነባል፣ ላላነበበውም ይነግራል። በስምዎ ስለ ተጠቀምኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ክቡርነትዎ ጎንበስ ባሉ ጊዜ ሁሉ የሚሰሙት ድምፅ እውነተኛ ጭብጨባ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ስድስት በመቶ ከተቀነሰለት ጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቀድሞ በገበያችሁ «ሻጭ 2216» ትባል የነበረችው
ንድፍ ሠሪ

ግልባጭ፦
ለአሥራ አራቱ አስተናጋጆች፣ በያሉበት፣ ቁጭ ብለው እንዲያነቡት
ለአማቴ፣ ለእርማት
ለወዳጅዎ፣ ለመረጃ ያህል

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች አንዲት መስመር አስምሬያለሁ። አባባ፣ ይህ ወረቀት እጅዎ ከገባ ሜትርዎን ያውጡና ይለኳት። ዘጠኝ ነጥብ አራት ከሆነች ደብዳቤው በክቡርነታቸው ቢሮ በኩል አልፏል ማለት ነው፤ ቀድደው ይጣሉት። አሥር ከሞላች ግን ከኔ እጅ በቀጥታ መጥታለች፤ ዓይንዎም ደኅና ነው፣ ያኔም ደኅና ነበር። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። መኪናውን አይስጡት።

|————————————————————|