ጋሼ ታደሰ ቤዝመንት የከፈትነው ቢሮ

ሰኞ

ዛሬም መኪና ውስጥ ሆኜ ሠራሁ። ሞተሩን ሳስነሳ ድምፁ ይረብሻል፣ ሳጠፋው ጣቴ በብርድ ይደነዝዛል። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ለታማሚው በአማርኛ እነግራለሁ። ቤት ውስጥ አይሆንም። ባለቤቴ ዳዊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቀን ይተኛል፤ ሕፃኗ ልጃችን ደግሞ እናቴ ብትይዛትም፣ ስታለቅስ ድምፅዋ ግድግዳ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ "ከኋላሽ ለቅሶ ይሰማል፣ ከተደገመ ሺፍት አንሰጥሽም" ብላኛለች።

ስለዚህ ዋትሳፕ ላይ ግሩፕ ከፈትኩ። "ከቤት የምንሠራ፣ በከተማው ሰሜን ምሥራቅ ያለን የኖርዝኢስት ሐበሾች፣ ለምን አንድ ላይ የምንሠራበት ቦታ አንፈልግም?" ብዬ ጻፍኩ። ከላክሁት በኋላ ፈራሁ።

ማክሰኞ

አርባ ሰው ገባ! ደስ አለኝ፤ መልእክቶቹን ማንበብ እስክጀምር ድረስ። አንዷ የልጆች ማዋያ መስሏታል። አንዱ ዕድር ነው ብሎ ደንቡን ጠየቀ። ሌላው የሚሸጥ መኪና ፎቶ ለጠፈ። "ኮወርኪንግ ማለት እኮ" ብዬ ረጅም ማብራሪያ ጻፍኩ። ሁለት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ።

በትክክል የገባት ሶፊያ ብቻ ናት። የወሎ ልጅ ነች፤ ለሱቆች ዌብሳይት ትሠራለች፣ ላፕቶፗን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አስቀምጣ። "የምሰግድበት ጥግ ካለ ነገውኑ እመጣለሁ" አለች። የት እንደምትመጣ እኔም አላውቅም።

ከሰዓት ጋሼ ታደሰ ደወሉ። የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ዳውንታውን በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ያረፉት አምና ነው። "ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር ያለው ቤቴ ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ፣ ባዶ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኑ፣ እኔም አብሬያችሁ እሠራለሁ" አሉኝ። እሳቸው ምን ሊሠሩ እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ረቡዕ

ከአርባው አምስት መጣን። ፒንግ ፖንግ መጫወቻውን ጠረጴዛ አደረግነው። ጋሼ ታደሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቦርሳ ይዘው ወረዱ። ከራሳቸው ሳሎን ነው የወረዱት! ጥግ ላይ ተቀምጠው ደብተር ከፈቱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልሠራም፤ ማን ከየትኛው ሰፈር እንደሆነ ተወራ።

ከዚያ የእኔ ስልክ ጠራ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የታማሚ ነገር ምስጢር ነው፣ ሰው ፊት ማስተርጎም አልችልም። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ቦታው ለእኔ አይሆንም? እየሮጥኩ ወደ መኪናዬ ወጣሁ።

ስመለስ ጋሼ ታደሰ ስቶሩን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል፣ ከፍተው ለእኔ ቦታ እንዲሆን ካርቶን ያወጣሉ። ውስጡ የባለቤታቸው የክረምት ካፖርቶች እንደተሰቀሉ ናቸው።

"ላንሳቸው?" አሉ።

"ይቆዩ ጋሼ፣ ድምፅ ይይዛሉ" አልኩ።

ሐሙስ

በሩን ዘግቼ፣ በካፖርቶቹ መሀል ለስድስት ታማሚዎች አስተረጎምኩ። ድምፅ የለም፣ ብርድ የለም። ሶፊያም ቀና ሳትል ሠራች።

ልወጣ ስል የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የጋሼ ታደሰ ልጅ ነው፣ ከቶሮንቶ።

"ሊስን፣ ስሚኝ፣ ሰው ቤቱ መምጣቱን አልጠላሁም" አለኝ። "ግን ማናችሁ? አባቴ የልብ ሰርጀሪ ካደረገ ዓመት አልሞላውም። ቤቱን ሸጦ እኔ ጋ ሊመጣ ተስማምተን ነበር። ትናንት 'ሥራ አለኝ፣ አልመጣም' አለኝ። የምን ሥራ?"

እኔም "የምን ሥራ?" ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ለልጁ ግን "መልሼ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

አርብ

ለሶፊያ ነገርኳት። "በሰው ቤተሰብ መሀል አንግባ፣ ሌላ ቦታ እንፈልግ" አለች። ልክ ናት። ግን የት?

ጋሼ ታደሰን ለብቻቸው አገኘኋቸው። "ልጅዎ ደውሎልኝ ነበር" አልኩ።

ደብተራቸውን ዘጉት። "ለመሸጥ ተስማምቼ ነበር፣ አልዋሽሽም" አሉ። "ስስማማ ግን ይህን በር የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።"

ረዳኋቸው ወይስ ከልጃቸው ጋር አጣላኋቸው? ዳዊትን ብጠይቀው "አንቺ የፈለግሽው ጠረጴዛ አልነበር?" አለኝ። አዎ፣ ጠረጴዛ ነበር የፈለግኩት።

ቅዳሜ

ለልጁ ደወልኩ። ሁሉንም እንዳለ ነገርኩት፤ የሕፃኗን ለቅሶ፣ ስቶሩን፣ አባቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው እንደሚወርዱ። ስለ ካፖርቶቹ ስነግረው "እስካሁን እዚያው ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እሺ፣ እስከ በጋ ድረስ" አለ በመጨረሻ። "ከዚያ እናያለን። ግን በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ካልወረደ ኮል አድርጊልኝ። አንድም ነገር አትደብቂኝ። ፕሮሚስ?"

ቃል ገባሁ። አሁን እኔ ምንድን ነኝ? አስተርጓሚ? የቢሮ ኃላፊ? አስታማሚ? ግሩፑ ላይ "ሰኞ ክፍት ነው" ብዬ ጻፍኩ፤ አንዱ "ዕድሩ ተጀመረ ማለት ነው?" አለ። "አዎ" ልለው ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሯል። በሩን ሳይቆለፍ አግኝተነው ገባን፤ ጋሼ ታደሰ ግን የሉም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ከአምስት። ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ስልኬን ይዤ ደረጃው ሥር ቆምኩ፤ የልጁ ስም ስክሪኑ ላይ ነው። ጣቴ ሊነካው ሲል ከኋላ በኩል የጓሮው በር ተከፈተ።

ፊታቸው ቀልቷል፣ በእጃቸው አካፋ ይዘዋል። "የጓሮውን ፓርኪንግ ስጠርግ ነበር። ነገ የሚመጣ ሰው መኪናውን የት ያቆማል?" አሉ፤ እያለከለኩ፣ እየሳቁም።

በተሰፋ ልብ በረዶ መጥረግ! ተቆጣኋቸው፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፣ ከዚያ ወርደው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ለልጁ ልንገረው? ቃል ገብቻለሁ። ብነግረው ነገውኑ ትኬት ይቆርጥላቸዋል። ባልነግረውስ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ? ይኸው ከሰዓት ሆነ፣ ስቶር ውስጥ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ፤ ገና አልደወልኩም። ሶፊያ ግን አንድም ቃል ሳትናገር ወጥታ አካፋውን መኪናዋ ውስጥ ቆልፋበታለች።