ለቴሶፕ የተመረጠለት ቀን

ውድ ጋሼ ቴሶፕ፣

እንደምን አለህ ልል ብዕር አነሳሁና አፈርኩ። ላንተ እንዴት ተብሎ ይጻፋል? እኔ ነኝ፣ ኦክጁ፤ ያቺ ጫማህን እየጎተተች ግቢውን የምታምሰው እህትህ። ዛሬ ጉልበቴን እያመመኝ ደረጃ የምፈራ ሴትዮ ሆኛለሁ፤ ብታየኝ ትስቅብኛለህ።

"ወታደር ይውጣ፣ ሕዝብ ይምረጥ" ብላችሁ በወጣችሁበት ግንቦት ከተማችን ግዋንግጁ ላይ የወረደውን ጥይት አንተ ታውቀዋለህ። የማወራህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። ግንቦት በመጣ ቁጥር ሰፈራችን በሙሉ ልጆቹ ባለቁበት በአንዱ ቀን ገበታ ዘርግቶ ሙታኑን ያበላል። ከየቤቱ የጥብስ ሽታ ይወጣል፤ የኛ ማጀት ብቻ ቀዝቅዞ ይውላል። ሬሳህ አልተገኘማ! እማዬ ሩዝህን ከድና፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከሥሩ በእሳት የሚሞቀው ወለላችን ላይ ታስቀምጥልህ ነበር፤ መንገድ ለሄደ ሰው እንደሚደረገው።

ሬሳቸው ላልተገኘ ልጆች በዚያ ግንቦት የተገደሉት ባረፉበት መካነ መቃብር ውስጥ ድንጋይ ሲቆም፣ ስምህን ሊጠይቁ ሰዎች መጡ። "ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ!" ብላ በመጥረጊያ አባረረቻቸው። እኔ ግን ይቆጨኝ ነበር። አገር ሁሉ በየዓመቱ እዚያ ሄዶ አንገቱን ሲደፋ ያንተ ስም የለበትም። ካለውም ከሞተውም አልተቆጠርክ። እሷ ሳትፈቅድ ብትሞትብኝስ? እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት፣ ከረባቱን ያሳመረ አንድ ሰውዬ በቴሌቪዥን ቀርቦ "ሬሳቸው የጠፋው ወደ ሰሜን ኮሪያ ስለሸሹ ነው" አለ። ላጠፋው ስሮጥ "ተይው!" አለችኝ እማዬ።

"ቴሶፕን ነው የሚለው?"

"እማዬ፣ ሥራ ፈት ነው፤ አትስሚው።"

"እኔ አፌን ስለዘጋሁ ነዋ እሱ አፉን የከፈተው።"

ቴሌቪዥኑን ራሷ አጠፋችና፣ "ድንጋዩን ያቁሙለት" አለች። ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ ስሰማው ግን ማጀት ገብቼ፣ አፌን በፎጣ ይዤ አለቀስኩ። እኔም ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ እየጠበቅኩህ ኖሯል።

ድንጋይህ በክረምቱ ቆመ። ቀጥሎ አንተን የምናበላበትን ቀን የመምረጥ ጣጣ መጣ። ጎረቤታችን የዶሺክ እናት፣ ልጇ በዚያው ግንቦት የሞተባት፣ "ከሁላችን ጋር አድርጊዋ" አለቻት።

"ሲሞት አላየሁም" አለች እማዬ። "ሲወለድ ግን ነበርኩ።"

ይኸው ዛሬ ልደትህ ነው። እማዬ ከጠዋት ጀምራ የባሕር ቅጠል ሾርባ ስትሠራ ዋለች። የዶሺክ እናት ድስቱን ከፍታ ጮኸች።

"ኧረ በሞቴ! የልደት ሾርባ ለሙት ይቀርባል እንዴ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የራሱን ይቀቅል!"

ሦስታችንም ሳቅን፤ እንባችን እስኪመጣ። ከዚያ እማዬ የሩዝህን ክዳን አነሳች። ልጆች ሆነን ማንኪያ ሩዝ ላይ ስናቆም፣ "የሙት ነው!" እያለች እጃችንን የምትመታን እሷ፣ ማንኪያህን ይዛ ቆመች። ላግዛት ተጠጋሁ።

"እጅሽን ሰብስቢ። መጀመሪያም ያጎረስኩት እኔ ነኝ።"

ሩዙ መሀል ሰካችው። እናት ለልጇ አትሰግድም፤ እኔ ሰገድኩልህ። እሷ ገበታው አጠገብ ተቀምጣ፣ ከትምህርት ቤት አርፍደህ የመጣህ ይመስል ትቆጣሃለች፦ "ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።"

ይህን ስጽፍልህ ሾርባው ገና ይጨሳል። እንድትገባ በሩን ገርበብ አድርገነዋል። ወጥቼ መንገዱን አይቼልሃለሁ፤ ወታደር የለም፣ የጎረቤት ብስክሌት ብቻ ነው የቆመው። አትፍራ ጋሼ። ና፣ ግባ።

እህትህ ኦክጁ