የሜትሩ ጫፍ

ኅዳር ፲፪ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እኛ ደኅና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ከደረጃ ጋር ተጣልቷል። ያለፈው ደብዳቤሽ ቀን አልተጻፈበትም። እንዲህ አድርጌ አላስተማርሁሽም።

አንቺ በልጅነትሽ «አባባ ክር» የምትይው የአባትሽ የስፌት ባልደረባ ማክሰኞ ዐረፈ።

ከሥሩ ልንገርሽ። ሐሙስ ሐሙስ በቴሌቪዥን ስለ ሁለት የተኳረፉ ሽማግሌ ጓደኛሞች ድራማ ይታያል። አባትሽ መጀመሪያ የሚያየው ለመተቸት ነበር። «ይሄን ኮት የሰፋ ሰው መታሰር አለበት» ይላል። እየቆየ ኮቱን ትቶ ታሪኩን መከታተል ጀመረ። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ሽማግሌ ሊታረቅ ቢሄድ ሌላው ሞቶ ጠበቀው። አባትሽ ሳያልቅ አጠፋውና «ክር ታሟል አሉ፤ ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመት የተኳረፉት በአንድ ሙሽራ ኮት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ክር ሙሽራው ቤት ሄዶ በራሱ ሜትር ለካ፤ አባትሽ በእኛ ቤት ሜትር ጨርቁን ቆረጠ፤ ኮቱ አጠረ። «አለካክህ ነው»፣ «አቆራረጥህ ነው» ተባብለው ሱቁን ለሁለት ከፈሉት። የማታውቂውን ልጻፍልሽ። የቤታችን ሜትር ጫፉ ተተልትሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ጠፍተው ነበር። ለዐይኔ ቢያስጠላኝ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቆርጬ ዘመዘምሁት። ኮቱን ያሳጠረው ይህ እንደሆነ የገባኝ ከተጣሉ በኋላ ነው። ሜትሩን ምድጃ ውስጥ ጣልሁት።

ክርን ትራስ ተደግፎ አገኘነው።

«መጣህ፣ አንተ ግትር?» አለው።

«መጣሁ። የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ተው እባክህ። ያን ቀን መነጽሬን ረስቼ ነበር የሄድሁት። በግምት ነው የለካሁት ማለት ይቻላል።»

ጥፋቱን ሲሻሙ እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። አፌን ከፈትሁ። «ውኃ ላምጣላችሁ?» አልሁ።

በዐራተኛው ቀን ሞተ።

አባትሽ አሁን «ይቅር ብሎኝ ነው የሄደው» ይላል፤ እህልም ይቀምሳል። ብነግረው ዐሥራ አንዱን ዓመት ማን እንደወሰደበት ያውቃል። ባልነግረው ባላጠፋው ሲጸጸት ሊኖር ነው። አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ምን ላድርግ?

መልስሽን ጻፊልኝ። በስልክ አይሁን፤ ስልኩን የሚያነሳው እርሱ ነው።

የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ።

እናትሽ